ከቢቸና እስከ ሞጣ ዋስ ፍለጋ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት በግንቦት፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ያስወጣኝ የአክስቴ ጉዳይ ነበር። አክስቴ አለሚቱ ከቢቸና የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ትኖራለች። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናትም አክስትም እሷው ናት። እሁድ ዕለት ደወለችና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ቦረቦሩ ጓሮዬን በላው። በዚህ ክረምት ቤቴ ይሄዳል። ምረጡን የሚሉት ደግሞ በመኪና እየዞሩ ስለ አየር ንብረት ይናገራሉ። አንተ አፍ አለህ፤ ናና ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ቦረቦር ጎርፍ እየሸረሸረ የሚከፍተው ገደል ነው። በጋ ሲሆን በሚሰነጠቀው ዋልካ አፈር ላይ አንዴ አፉን ከከፈተ፣ በየክረምቱ እየበላ ወደ ላይ ይወጣል።

እኔ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥ ሰው ነኝ። ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም። ግን ግትር ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ሱቁን ለባለቤቴ አደራ ብዬ፣ የረባ መልስ ሳላገኝ እንደማልመለስ ወስኜ ወጣሁ።

ወደ ደጀን

በዚህ ዘመን መንገድ ከመውጣት በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሁለት ሦስት ቦታ ደውሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ደወልኩ፤ ክፍት ነው ተባልኩ። ሚኒባሱ ሉማሜንና የጥኖራን አልፎ ደጀን እስኪገባ ድረስ ኬላ ላይ እየወረድን ተፈተሽን። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ የተቀበሉን ግን ከዚያ በላይ ነው። አንዲት ተሳፋሪ ብታጉረመርም፣ ሾፌሩ ነዳጅ እንዴት እንደሚገኝ እስኪሰለቸን ድረስ አስረዳን።

ደጀን ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ተጋፍቼ ፍርፍር በላሁና በቅጥቅጥ ወደ ቢቸና ቀጠልኩ። መሬቱ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። በልጅነቴ ስመላለስበት ከዳር እስከ ዳር ሜዳ የሚመስለኝ አገር፣ አሁን ከመስኮቱ ሆኜ ሳየው እዚህም እዚያም ተሰንጥቋል። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ዓይኔን ተከትለው፣ «እኛ አፈር ነው የምንሸኘው፤ ግብፅ ነው የሚዘራበት» አሉኝ። ሳቅኩና ዓይኔን ወደ ስንጥቁ መለስኩ።

የአክስቴ ጓሮ

አክስቴ እንደ ወትሮዋ ውሃ ለእጅህ፣ እህል ለአፍህ አላለችኝም። እጄን ይዛ በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የጌሾ ተክሏ ግማሹ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከገደሉ አፍ እስከ ቤቱ ግድግዳ አንድ በሬ ተጋድሞ ቢተኛ ቦታ ይጠበዋል።

«ይኼ ሁሉ ከየት መጣ?» አልኳት።

«ከፈሰስ ነዋ!» አለችና ወደ ላይ አመለከተችኝ። ፈሰስ ገበሬው ዝናብ ማሳው ላይ እንዳይተኛና ጤፉን እንዳያበሰብስበት በሞፈር የሚቀደው ቦይ ነው። የላይኛው ወደ ታችኛው ይለቃል፤ የታችኛውም ወደ ቀጣዩ። መጨረሻ ላይ ያለችው አክስቴ ናት። ከእሷ በላይ ያለው ማሳ የአያ ቢተው ነው።

«አያ ቢተው እንዲህ ይበድሉሽ?»

«ቢተው ክፉ ሰው አይደለም። ውሃውን ካልለቀቀ ልጆቹ ምን ይበላሉ? አንተ እነዚያን ሰዎች ጠይቅልኝ፤ ፈሰሱ ወዴት ይውረድ? ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ማታ እራት ላይ ስንት ጊዜ ደጋገመችልኝ መሰላችሁ፤ እንዳልረሳው ፈርታ ነው።

ረቡዕ፣ ቢቸና

ሁለት ተወዳዳሪዎች አዳራሽ ውስጥ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሊከራከሩ ነበር። አንደኛው ኮት የለበሱ ጎልማሳ ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ብዙ እንደቆዩ አነጋገራቸው ያስታውቃል። «ክላይሜት ቼንጅን በግሪን ኢኮኖሚ እንመክታለን፤ ችግኝ እንተክላለን» ብለው አስጨበጨቡ። ሁለተኛው ወጣት ጠበቃ ነው። ጥፋቱ የሀብታም አገሮች ነው አለ፤ ጭሱን ያጨሱት እነሱ፣ ድርቁና ጎርፉ የእኛ። ካሳ እናስመጣለን ሲል ከፊተኛው የበለጠ ተጨበጨበለት። አጠገቤ የነበረችው አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እውነቱን ነው፤ ግን የቢተውን ፈሰስ የቀደደው ፈረንጅ አይደለም» አለችኝ።

ዕድል ሲሰጠኝ ተነሥቼ ጠየቅኩ፦ «ፈሰሱ ወዴት ይውረድ?»

ባለ ኮቱ ጥያቄው ቴክኒካል ስለሆነ በባለሙያ ጥናት ይመለሳል አሉ። ጠበቃው ካሳው ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላል አለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ድጋሚ ብጠይቅ መድረክ መሪው ሰዓት የለም ብሎ አስቀመጠኝ። ተናደድኩ።

ውጪ ጠበቃው ተከትሎኝ መጣ። «እውነቱን ልንገርዎት?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈሰስ ያለው ሁሉ መራጭ ነው። ከየመሬታችሁ ቆርሳችሁ ለውሃው የጋራ መንገድ ስጡ ብል ማን ይመርጠኛል? ሞጣ ላይ ግን አንዲት ነርስ ይህንኑ እየተናገረች ነው። ይሂዱና እንዴት እንደምትሸነፍ ይዩ።»

«እሄዳለሁ» አልኩት።

ሐሙስ፣ ሞጣ

አክስቴ ለመንገድ ቆሎ ቋጥራልኝ በማለዳ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ተሳፋሪው ሁሉ ተሳለመ። እየራቅን ስንሄድ ብርዱ በረታ፤ ሞጣ ስገባ ካልጠበቅኩት ካፊያ ጋር ተገናኘሁ። በዓለ ሃምሳ በመሆኑ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም፤ ሥጋ ቤቶቹ ሰው ሞልቷቸዋል። ጥብስ በልቼ የነርሷን አድራሻ ጠየቅኩ። ሁሉም ያውቃታል፤ ግማሹን ከተማ እሷ ነች የከተበችው።

ሲስተር ትብለጥን ያገኘኋት ከከተማው ወጣ ባለ የገበሬ ማሠልጠኛ ግቢ ስትናገር ነው። ማይክ የላትም። «ችግኝ ተከልን፤ ጎርፍ ወሰደው» ትላለች። «ውሃው የሚወርድበት የጋራ መንገድ ያስፈልገዋል። ለዚያ ደግሞ ከእያንዳንድሽ፣ ከእያንዳንድህ መሬት ይቆረሳል። ካሁኑ እወቁት።»

ሰዎች ነጠላቸውን እያራገፉ መነሣት ጀመሩ። የቀሩትም አጉረመረሙ። አንድ ሽማግሌ ግን ከዱላቸው ላይ ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ መልካም ተናግረሻል» አሏት። «ከተመረጥሽ በኋላ በምን እንይዝሻለን? ዋስ ጥሪ።»

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሲዋዋሉ ወይም ከጥል ሲታረቁ ዋስ ይጠራል፤ አንዱ ቃሉን ቢያፈርስ ዋሱ ይጠየቃል። ለምርጫ ቅስቀሳ ዋስ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም። እሷም አልጠበቀችውም መሰለኝ፣ ፊቷ ቀላ። ወንድሟ እዚያው ተቀምጧል፤ ማሳው ላይኛው በኩል ስለሆነ ጎርፉ አይነካውም፤ መሬቱ ግን ይቆረሳል፤ አቀርቅሮ ቀረ። እኔ አፈርኩላት። በመጨረሻ አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ።

«ከሁላችሁም ይልቅ የሚቆረሰው የእኔ መሬት ነው። ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ወደ ወንዶቹ ዞሩ። «ተወዳዳሪዋ ዋስ ጠርታለች። እናንተስ መሬቱን ላለመከልከል ዋሳችሁ ማን ነው?» ያኔ ነው ነገሩ የተገለበጠው። አንዱ ጎረቤቱን ጠራ፤ ጎረቤቱም ሌላውን። ሁሉም ዋስ አልጠሩም፤ የሄዱትም አልተመለሱም።

ሲያበቃ ጠጋ ብዬ፣ «እርስዎ እንደሚሸነፉ ቢቸና ላይ ሰምቻለሁ» አልኳት።

«ይሆናል» አለችኝ። «ብመረጥ ለወረዳው ሁሉ አስወስናለሁ። ባልመረጥ ከመንደሬ እጀምራለሁ። ዋስ ጠርቻለሁ እኮ፤ ዋሴን አላሲዝም።»

ቅዳሜ፣ አክስቴ መንደር

ጠበቃው ድምፅ ማጉያውን ጭኖ ወደ አክስቴ መንደር እንደሚመጣ ስሰማ ደስታዬን አልደበቅኩም። ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቅኩትና፣ «ፈሰሱ ወዴት ይውረድ? መልስዎን ይናገሩ፤ ለቃልዎም ዋስ ይጥሩ» አልኩት። ወደ ሞጣ ልኮኝ በራሱ ላይ ያመጣውን ጣጣ አወቀ። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሊስቅ ሞከረ፤ ግን ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ላቡን ጠረገ።

«እንግዲያው ስሙኝ» አለ፤ ድምፅ ማጉያውን አስቀምጦ። «ፈሰሱ በጋራ መንገድ ይውረድ። መሬት ይቆረሳል። ከተመረጥኩ ይህን አስወስናለሁ።» ቀድመው ያጨበጨቡለት ሁለት ሦስት ሰዎች ወዲያው ሄዱ። ዋስ ሲጠራ ደግሞ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

የተነሡት አያ ቢተው ናቸው። «ድምፄን ላልሰጥህ እችላለሁ፤ እሱን ገና አስብበታለሁ» አሉት። «ዛሬ ግን የሰው ፊት አይተህ ሳይሆን እውነት ተናግረሃል። ዋስህ እሆናለሁ።» ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ። «አለሚቱ፣ እኔ ፈሰሴን ለማዞር ዝግጁ ነኝ። የሚዞርበት ዳር ግን ያንቺ መሬት ነው። ዛሬ አንቺ ብትሰጪ ነገ ወራሽሽ መጥቶ ቢደፍነውስ? ወራሽሽ ቆሟል፤ ይናገር።»

ሁሉም እኔን አየኝ።

ያ ዳር የእናቴ ድርሻ የነበረ ነው። አክስቴ ስታርሰው ብትኖርም ስንት ዓመት ያሰብኩበት መሬት ነው፤ ሳረጅ እዚያ ላይ ትንሽ ቤት ሠርቼ እገባለሁ እያልኩ ለባለቤቴ አውርቻለሁ። ከፋኝ። እነዚያን ሁለት ተወዳዳሪዎች አፋችሁን ክፈቱ፣ መሬት ይቆረስ በሉ እያልኩ ስወጥር፣ ከእኔም ይቆረሳል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም ነበር። አፍ አለህ የተባልኩት ሰውዬ አፌ ደረቀ። አክስቴ መሬት መሬት ታያለች። ስጥ አላለችኝም፤ አትስጥም አላለችኝም።

«አክስቴ ትስጥ» አልኩ። «ዋሷ እኔ ነኝ።»

«ወራሹ ራሱ ዋስ ከሆነ ማን ያፈርሰዋል?» አሉ አያ ቢተው፤ እጄንም ጨበጡኝ።

መልስ

ክረምቱ ስለማይጠብቀን ሰኞ ማለዳ ሥራ ጀመርን። አያ ቢተው በሬዎቻቸውን ጠምደው በመሬቱ ዳር አዲስ ቦይ ቀደዱ፤ ጎረቤቶች ድንጋይ እየተሸከሙ ግራና ቀኙን ካቡ። ጠበቃው ሸሚዙን ሰብስቦ እስከ እኩለ ቀን አብሮን ዋለ፤ ድንጋይ አያያዙ ገና ነው። እኔም መዳፌ ተላጠ፤ እስክሪብቶ ብቻ የለመደ እጅ ነው። አክስቴ ስታየኝ ሳቀችብኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ማክሰኞ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ለባለቤቴ ስለ መሬቱ መንገር ከብዶኝ ሌላ ሌላውን ሳወራ አመሸሁ። በመጨረሻ ስነግራት፣ «ቤቱን ሌላ ቦታ እንሠራዋለን» አለችኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አለ። የአካባቢ ጥበቃ ማለት ተወዳዳሪ የሚጠየቀው ጥያቄ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የምጠይቀው ነገር ከእኔ ምን እንደሚወስድ ሳላውቅ ስጠይቅ፣ ተወዳዳሪውም ምን እንደሚያስከፍለው ሳያውቅ መመለሱ አይገርምም። ከእንግዲህ ድምፄን የምሰጠው ከመሬቴ ላይ ምን እንደሚቆርስ ፊት ለፊት ለነገረኝ ሰው ነው።

ሰኔ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ፤ የሱቁ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ወረደበት። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ስልኬን አነሣሁ። አክስቴ ቶሎ አላነሣችም። ሁለተኛ ስደውል ከዝናቡ ድምፅ ጋር እየተጋፋች፣

«ሄደ!» ብላ ጮኸች።

«ምኑ? ቤቱ?» አልኩ።

«ውሃው! በእናትህ መሬት ሄደ። እኔ ቤቴ ውስጥ ነኝ።»