ሣር የበላች ብስክሌት

በጣሊያን ጊዜ የልደታ ልጅ ሆኖ ብስክሌት አልተመኘሁም የሚል ካለ ዋሽቷል። እኔማ ከምኞትም አልፌ አንዲት ነበረችኝ። እሠራበት በነበረው የአንድ ጣሊያን ጋራዥ፣ ፔዳሉን ከአንዷ፣ መሪውን ከሌላዋ እየለቃቀምኩ ራሴ የገጣጠምኳት ነች።

ጣጣ ያመጣብኝም ይኸው ሥራ ነው። አብሮ አደጌ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ አንድ ቀን ልደታ ማርያም ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ የጠላት ጎማ ነፊ!» አለኝ። ለእንጀራዬ ነው ብዬ ማለፍ ሲገባኝ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። በሳምንቱ ሚስቱን ይዞ አማቶቹ አገር፣ በቾ ገባ። ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ አልላከልኝም። እልኸኛ ሆኜ ዝም አልኩ እንጂ በጣም ናፍቆኝ ነበር።

በኅዳር አንድ የቅቤ ነጋዴ መጥቶ «ወዳጅህ ልጅ ወልዷል፤ ለክርስትናው ና ተብለሃል» አለኝ። የተወለደበትን ቀን ጠይቄ በጣቴ ቆጠርኩ፤ አርባው ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የክርስትና አባት ሊያደርገኝ ነው፣ ታረቅን ማለት ነው ብዬ ፈነደቅሁ። ብቀር ግን ሁለተኛ እንደማይጠራኝ ዐውቀዋለሁ። ስለዚህ በዋዜማው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ነጭ ልብሴን ጠቅልዬ ከኋላ አስሬ ተነሣሁ።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ዘበኞቹ የጋራዡን የሥራ ወረቀቴን አይተው አሳለፉኝ። ዓለም ገናን ካለፍኩ በኋላ ሜዳው ተከፈተ። እኛ ሰፈር ዓይን ከሁለት አጥር በላይ አይሻገርም፤ እዚያ ግን እስከ ሰማዩ ጫፍ ሣርና ከብት፣ ከብትና ሣር ነው። ደወሌን ባንቃጨልኩ ቁጥር ላሞቹ ማመንዠካቸውን አቁመው አንገታቸውን ያዞሩልኛል። ያን ያህል ተመልካች ኖሮኝ ስለማያውቅ እየዘፈንኩ ነዳሁ።

ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስ የኋላ ጎማዬን እሾህ ወጋው። ማስቲሽ ብፈልግ የለም! የሰው ጎማ ስለጥፍ የምውል ሰውዬ ለራሴ መለጠፊያ ሳልይዝ ወጥቻለሁ። በንዴት ብስክሌቷን በእግሬ ጠለዝኳት።

ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆይተው ቀረቡ። የእኔ ኦሮምኛም የእርሳቸው አማርኛም ጎዶሎ ነበር፤ ቢሆንም ተግባባን።

«ልጄ፣ ይህቺ ነገር ምን ትበላለች?»

«ነፋስ ነው የምትበላው፣ አባባ። አሁን አለቀባት። ለነገ ደግሞ ክርስትና አለብኝ።»

«ነፋስ በልታ እንዴት ትሂድ! ሣር አብላት እንጂ» ብለው ሳቁ።

እርሳቸው ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ጎማውን ፈትቼ፣ ነፋስ የሚይዘውን የውስጡን ላስቲክ፣ ካላማዳሪያውን፣ አውጥቼ፣ ደረቅ ሣር እየጠቀጠቅሁ ሞላሁት። ሽማግሌው ሣሩን እየነጩ ያቀብሉኛል። ሄደች! አጥንቴን እያንገጫገጨች ሄደች። አንዲት ጥጃ በጎማው ጠርዝ የሾለከውን ሣር ልትነጥቅ ስትከተለኝ ሽማግሌው ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረስኩ። አብሮ አደጌ ደጃፉ ላይ እንጨት ይፈልጣል። አየኝ፤ መጥረቢያውን አላስቀመጠም፤ ሰላምም አላለኝም።

«ለክርስትናው ብለህ ልከህብኝ መጣሁ» አልኩት። ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ቤቱ ዞረ። ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ብቅ አለች።

«የላክሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ባሏን ፈራ ተባ እያለች እያየችው። «ግን ምነው ዛሬ መጣህ?»

«ነገ አርባው አይደል እንዴ?»

«ኧረ ሴት ናት! ክርስትናዋ በሰማንያዋ ነው።»

ወንድ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ነኝ ወንድ ያደረግሁት። ለሴት ደግሞ የክርስትና እናት እንጂ አባት አይቆምላትም። የጠራኝም እርሱ አይደለም። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ አርባ ቀን ቀድሜ፣ ላልተሰጠኝ ሹመት መጥቼ ቆሜ ቀረሁ። አፈርኩ፤ ብስክሌቷን ይዤ ልመለስ አዞርኳት። ስትዞር ከጎማዋ አንድ እፍኝ ሣር ዘረገፈች።

አብሮ አደጌ ሣሩን አየ፤ እኔን አየ። ሳቁ ፈንድቶ ወጣ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም መያዝ አቃተኝ። ከዚያ መጥረቢያውን ጥሎ መጣና የብስክሌቷን መሪ ከእጄ ተቀበለኝ።

«አርባ ቀን ነው የቀረው፤ እዚሁ ቆይ» አለኝ።

ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ኖሬ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።