ፈዋሽ አልሆንም ያሉት ሴትዮ

ሴትዮዋ በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት የገቡት የብስክሌት ሄልሜታቸውን ሳያወልቁ ነው። ስልሳን ሳይሻገሩ አይቀሩም። የጃኬታቸው ደረት ላይ ሦስት መርፌ ቁልፍ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሰይፈኛ፣ አስማተኛ ወይም ፈዋሽ ሆኖ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በምናብ ከዘንዶ ጋር በሚገጥምበት የቅዳሜ ጨዋታ ሊሳተፉ መጥተዋል። ስማቸውን የጠየቀ የለም፤ የሁሉም ጭንቀት ፈዋሽ ማግኘት ነበር።

ጨዋታውን የምትመራው ጉድሩን ፈርታለች። ሰይፈኛው ማልተና አስማተኛው ፍሮደ የሚያክማቸው አጥተው በጨዋታው ሁለት ጊዜ ሞተዋል። ዛሬም ካለቁ ቡድኑ መበተኑ ነው። በልማዳቸው ደግሞ ፈዋሽነት የሚጫነው አዲስ መጪ ላይ ነው።

ሴትዮዋ የደንቡን መጽሐፍ በእርጋታ አነበቡ። እያነበቡም፣ ቀና ሳይሉ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የነበሩትን ኩባያዎች አንድ በአንድ ወደ መሐል ገፉ።

«እንግዲህ እናቴ፣ ፈዋሻችን እርስዎ ነዎት» አለ ማልተ።

«አልሆንም። በእውኑ ዓለም ሠላሳ ዓመት ሆኜዋለሁ፣ በቃኝ። ደንቡ ሁለት ሙያ መደረብ ይቻላል ይላል፤ እኔ ሌባም ተዋጊም ነኝ።»

«ታዲያ እኛን ማን ያክመን?»

«ራስህ ነሃ! ሰይፈኛነትህ ላይ ትንሽ ፈዋሽነት ደርብ። አስማተኛውም እንደዚያው። ይሄን የሚያህል ጎረምሳ ቁስሉን ማሰር ያቅተዋል?»

ፍሮደ በሳቅ ፈረሰ። ማልተ ፊቱ ቀላ። ጉድሩን፣ ማልተ ተነስቶ ይሄዳል ብላ ስትጠብቅ፣ እሱ እርሳሱን አነሳና «ሰይፈኛ» ከሚለው ሥር «ፈዋሽ» ብሎ ጻፈ።

ሴትዮዋ እጃቸውን አፋተጉ።

«በሉ» አሉ፣ «መጀመሪያ የምንሰብረው የማንን በር ነው?»