ከኢተያ በታች ሞተር ማጥፋት

አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፣ የሚኒባስ ረዳት ስሆን። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ያኔ የአሰላ መናኸሪያም ስቋል። ተራ አስከባሪው ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «ዛሬ በሩን የያዘችው እናትየው ናት፣ ሳይከፍል የሚወርድ ወዮለት!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና «ዴራ! ዴራ! ዴራ!» ማለት ጀመርኩ። ድምፄ ያን ያህል እንደሚወጣ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት ደጃፌ ላይ በሶና ቆሎ ነበር የምሸጠው። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ የቀረውን ቆሎ ከምጠቀልልበት ጋዜጣና ከልጄ ደብተር ላይ ራሴ ነው የለቀምኩት። ሚኒባሷ የታናሽ ወንድሜ ናት። እናታችን ስትሞት እሱ አምስት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ አራት ነበርኩ፤ እናቱም እህቱም ሆኜ አሳደግኩት። መኪናዋን የገዛናት አባታችን ትቶልን የሄደውን ከብት ሸጠን፣ እኔም ዕቁቤን ጨምሬበት ነው። አሮጌ ናት። ጡሩምባዋ ከሞተ ቆይቷል። ቢሆንም ከቤታችን ውጭ የእኛ የሚባል ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

የቤንዚን ዋጋ መጨመር የጀመረ ጊዜ ሬዲዮው «ድጎማው ቀስ በቀስ ይነሳል» ይል ነበር። ቀስ በቀስ የሚለው ቃል እኛን አዘናጋን። አንድ ቀን ማታ ይጨምራል፣ ጠዋት ማደያው ጋ ሰልፉ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ሰው መኪናው ውስጥ እያደረ ሁለት ቀን ወረፋ ይጠብቃል። ነዳጁ ይጨምርና ታሪፉ ባለበት ይቆማል። ሌሎቹ ሹፌሮች ከታሪፍ በላይ ማስከፈል ጀመሩ። ወንድሜ እምቢ አለ። «ድንች አዝላ ገበያ የምትወርድ ሴት ላይ ጨምሬ የት ልገባ ነው?» አለኝ። እናታችን ከገጠር አሰላ ድረስ ገብስ ተሸክማ በእግሯ ትመጣ እንደነበር የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ምን ልበለው? ረዳቱ የተሻለ አገኘሁ ብሎ ትቶት ሲሄድ ሌላ መቅጠር አልቻለም። በሶውን ለልጄ ሰጥቼ በሩን ያዝኩ።

የመጀመሪያው ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከአሰላ ተነስተን በጎንዴ አድርገን ኢተያ እስክንደርስ ሁሉም ደህና ነበር። ሰው ያወራል፣ ስልክ ይጮሃል፣ እኔ ሂሳብ እሰበስባለሁ። ከኢተያ በታች መንገዱ ወደ ዴራ መውረድ ይጀምራል። አየሩ ይሞቃል፣ ሰው ሹራቡን ያወልቃል፣ የስንዴው ማሳ እየሳሳ ግራር ብቅ ብቅ ይላል። እዚያ ስንደርስ ወንድሜ ማርሹን ዜሮ አደረገና ቁልፉን ወደ ኋላ መለስ አደረገው።

ሞተሩ ጠፋ።

የሚሰማው የነፋስና የጎማ ድምፅ ብቻ ሆነ። ደግሞ ሰዉ! ሁሉም ባንዴ ዝም አለ፣ መስጊድ የገባ ይመስል። ስልክ የሚያወራው «ቆይ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ። አንዲት እናት የምታለቅስ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እሽ እሽ አለች። ለካ ሁሉም ያውቃሉ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ምን ሆነች?» አልኩት አንገቴን ወደ ጋቢናው አስግጌ።

«ምንም አልሆነች። ቁልቁለቱ የአላህ ነው፣ ዳገቱ የማደያው» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ጋቢና የተቀመጠው ሰው መምህር ነበር። ከጎንደር በኩል ተመድቦ የመጣ፣ አሰላ እየኖረ ዴራ የሚያስተምር፣ በየቀኑ ከእኛ ጋር የሚወርድ ሰው ነው። «ኧረ ሹፌር፣ ይቺ መኪና በጸሎት ነው እንዴ የምትሄደው?» አለ።

«በቁልቁለት ነው መምህር። ጸሎቱን እርስዎ ይጨምሩበት።»

ከኋላ ሳቁ፣ ግን ቀስ ብለው።

ዴራ ስንደርስ ወንድሜን ሻይ ቤት አስቀመጥኩት። «አንተ ልጅ፣ ፍሬኑስ?» አልኩት።

«ፍሬኑ አለ። ሞተር ጠፍቶም ሁለቴ ሦስቴ ይይዛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አስነሳታለሁ።»

«ባትነሳስ?»

«እትዬ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ።»

ያላደረግኩት ነገር የለም። አኮረፍኩ። በአባታችን ለመንኩት። ሚስቱ ዘንድ ሄጄ ብነግራት፣ «አውቃለሁ፤ ዴራ ደረስኩ ብሎ እስኪደውል ቁርስ አይወርድልኝም» አለችኝና አብረን አለቀስን። የሰፈራችንን ሽማግሌ እንዲመክሩልኝ ብጠይቃቸው፣ «ቤንዚኑን አንቺ ትገዢለታለሽ?» አሉኝ። በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው ዴራ ዘመድ ሊጠይቁ በእኛው መኪና ወረዱ። ሞተሩ ሲጠፋ አየኋቸው፣ መቁጠሪያቸውን አወጡ። የገዛ ወንድሜን ትራፊክ ይያዘው ብዬ እስከመመኘት ደረስኩ። ትራፊክ ግን በምን ያውቃል? ሞተሩ የጠፋ መኪና ከውጭ ሲታይ ያው የሚሄድ መኪና ነው። እኔ ደግሞ አሳልፌ አልሰጠውም። ሰው ሁሉ የእኛን መኪና መርጦ ይሳፈራል፣ አይጨምሩም ብሎ ይመርቀናል፤ ምርቃቱን ስሰማ ሆዴ ይባባል፣ ቁልቁለቱ ሲመጣ ደግሞ በሩን እጨብጣለሁ። በሩ ላይ የተጣበቀው እጄ ማታ ቤት ስገባም አይዘረጋልኝም ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ጭነን ወረድን። ከኋላ አንዲት አሮጊት ሁለት ማዳበሪያ ድንች ይዘው ተቀምጠዋል፤ መምህሩ እንደ ወትሮው ጋቢና ነው። ቁልቁለቱ መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ወደ ውሃ እየነዱ መንገዱን ያቋርጣሉ። ድምፅ የለንም፣ ጡሩምባ የለንም፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ወንድሜ ፍሬኑን ረገጠ፤ ያዘ። ለቀቅ አድርጎ ደገመ፤ ያዘ። ሦስተኛው ላይ እግሩ አልወርድ አለ። ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ። ቁልፉን አዞረ፤ እህ እህ አለችና ዝም አለች።

«እትዬ ያዢ!» ሲል ብቻ ሰማሁት።

መሪውን በሁለት እጁ ታግሎ ከመንገዱ አወጣትና የታጨደ የስንዴ ማሳ ውስጥ ገባን። ማሳው ወደ ላይ ከፍ ይል ነበርና ትንሽ ዳክራ ቆመች። ጭንቅላቴ ጣራውን መታ። ሰው እርስ በርሱ ተደራረበ እንጂ አንድም የተጎዳ አልነበረም። የኋላው በር ተበርግዶ ድንቹ ማሳው ላይ ተበተነ።

ወረድን። አሁን ይሰድቡታል ብዬ ጠበቅኩ፣ ደግሞም እንዲሰድቡት ፈለግኩ። እኔ ያቃተኝን እነሱ እንዲሉልኝ። አሥራ ምናምን ሰው ነው፤ አንዱ አንገቱን ቢይዘው፣ አንዷ «ገዳይ!» ብትለው፣ ያ ልጅ ያችን ቁልፍ ዳግመኛ አይነካም ነበር። ወንድሜ ከመሪው አልወረደም።

አንዱ ጎንበስ ብሎ ድንች ለቀመ። ሌላውም ተከተለ። ከብቶቹን የሚነዱት ሽማግሌ ሳይቀሩ «ድምፅ አልሰማሁም እኮ» እያሉ፣ ጥፋቱን የእሳቸው አድርገው አብረው ለቀሙ። አሮጊቷ ማዳበሪያቸው ሲሞላላቸው ወደ ወንድሜ መስኮት ሄዱና ትከሻውን ነካ ነካ አደረጉት። «ገለታ ረቢ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፤ ያ ኢልማ ኮ፣ አይዞህ ልጄ» አሉት።

መምህሩን ጠጋ ብዬ፣ «እርስዎ እንኳ ምንም አይሉትም?» አልኩት። እጁ ውስጥ አራት ድንች ይዞ ነበር።

«ምን ልበል እህቴ? ነገ በምን ልሂድ?» አለኝ።

መኪናዋ ቁልፉ ሁለተኛ ሲዞር ተነሳች። ሰዉ ወደ ኋላ ገፍቶ አወጣት፣ ተመልሶ ተሳፈረ፣ እኔም በሩን ዘጋሁ። በማግስቱ ከኢተያ በታች ስንደርስ ወንድሜ ፍጥነቱን ትንሽ ቀነሰና እንደገና ሞተሩን አጠፋ። ሰዉም እንደገና ዝም አለ። እኔም በሩን ጨበጥኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላውን ሰው አዝዬ አላወርደው!

በዚያው ሰሞን ነው ሬዲዮው ከእንግዲህ የቤንዚን መኪና ወደ አገር አይገባም፣ የሚገባው የኤሌክትሪክ ብቻ ነው ያለው። መናኸሪያ ውስጥ ክርክር ሆነ። ግማሹ «ነዳጅ ለዘላለም ቻው!» እያለ ይስቃል። ግማሹ «መብራት ለእንጀራ መጋገሪያ ያልበቃን ለመኪና ከየት ይመጣል?» ይላል። ወንድሜ ከሁለቱም ወገን አልነበረም። የኤሌክትሪኩን መግዣ በሕልሙም አያየውም፤ የቤንዚኑን መሙያ በውኑ አላገኘውም።

ትንሽ ቆይቶ አንድ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ከአዳማ መጥቶ ተራ ያዘ። ሹፌሩ ጠና ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ሲገባ ድምፅ ስላልነበረው ተራ አስከባሪው ደንግጦ ዘለለ፤ «አንተ፣ እንደ ጂኒ ከኋላ ትመጣለህ እንዴ!» አለው። ሰዉ ከበበና ዋጋዋን፣ ፍጥነቷን፣ ባትሪዋን ይጠይቃል። ወንድሜ ሁሉም እስኪጨርሱ ጠብቆ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ቁልቁለት ላይስ? ከኢተያ በታች ምን ታደርጋለህ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ፍሬን ስይዝባት ትሞላለች።»

«ምኗ ነው የሚሞላው?»

«ባትሪዋ ነዋ! ስትወርድ ይዘሃት ከወረድክ ትሞላለች። ዳገቱ ላይ ግን ትጠጣዋለች፣ እሱን አልዋሽህም። መብራት የጠፋ ሌሊት ደግሞ ጠዋት እኔም እንደ እናንተው ተኝቼ ነው የምውለው።»

በማግስቱ ማደያው «የለም» ብሎ ስለነበር መኪናችን ቆማ ዋለች። ወንድሜ ልብሱን ቀይሮ መናኸሪያ ሄደና እንደማንኛውም ተሳፋሪ ከፍሎ ያችን መኪና ጋቢና ተቀመጠ። ዴራ ጉዳይ አልነበረውም። የቀትሩ ዙህር ተሰግዶ ሲያበቃ ተመልሶ መጣና ደጃፌ ላይ፣ የበሶው ጆንያ አጠገብ ቁጭ አለ። ውሃ ሰጠሁት።

«እንዴት ናት?» አልኩት።

«ባትሪዋ ስንት እንደቀረው የሚያሳይ ቁጥር አላት። ከኢተያ እስከ ዴራ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ይጨምራል። እኔ ፍሬን ላለመያዝ ነፍሴን አስይዤ የማገኛትን ትርፍ፣ የእናንተንም ጭምር አስይዤ፣ እሱ በፍሬኑ ያገኛታል።» ውሃውን አልጠጣም። «ሰዎቹ ያወራሉ፣ እትዬ። ቁልቁለቱ ላይ እንደ ልባቸው ያወራሉ።»

ሁለት ቀን ቆይቶ ቤንዚን ተገኘና ወረድን። ከኢተያ በታች ስንደርስ እጄ እንደለመደው በሩን ጨበጠ። ወንድሜ ቁልፉን አልነካውም። ሦስተኛ ማርሽ አስገባና ሞተሩ እየጮኸ ወረደ። ሰዉ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ዝምታው ግን አልመጣም። ድንች ሻጯ ከኋላ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁ።

ሦስት ወር እንደዚያ ሠራ። ታሪፍ አልጨመረም፣ ሞተርም አላጠፋም። ገቢው ቤንዚኑን መሸፈን ሲያቅተው ሚኒባሷን ለአንድ የበቆጂ ሰው ሸጣት። ቁልፉን ሲያስረክብ ጡሩምባዋ እንደማይሠራ ነገረው፤ የፍሬኑንም ነገር ነገረው። አሁን በስንዴ አጨዳ ጊዜ የሰው ኮምባይነር በደሞዝ ይነዳል፤ ናፍጣውን ባለቤቱ ይሞላል።