በፍሪዘር የቀረው ጓሯችን

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚሸተኝ በሶብላ በሶብላ ነበር። ያሳደገኝ አያቴ አባባ ተሰማ ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል ቤት ምግብ ያበሰለ ሰው ነው፤ ጡረታ ሲወጣ መካኒሳ አቦ የነበረችንን የቀበሌ ቤት ጓሮ በበሶብላና በጦስኝ ሞላት። ተረት የሚያወራው እጁ ሥራ ሲይዝ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ቅጠሉን ከግንዱ ስንለቅም፣ ፍሙ ፊቱን ከሥር እያበራው፣ ከጅቡ ወደ አህያዋ፣ ከአህያዋ ወደ ጦጣዋ ይሻገራል። እኔ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቃተኝ ቀዥቃዣ፣ ያኔ ግን ንቅንቅ አልልም ነበር።

ሌላው ሰው በሶብላውን ፀሐይ ላይ አድርቆ ነው የሚያስቀምጠው። አባባ ግን ከሆቴል ይዞት የወጣ ዘዴ ነበረው። ቅጠሉን ያጥብና ንጹሕ ጨርቅ ላይ ውሃው ጨርሶ እስኪጠፋለት ያሰጣዋል፤ ከዚያ ከትፎ በረዶ በሚሠራበት ፕላስቲክ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፣ ዘይት ያፈስበታል፣ ፍሪዘር ይከተዋል። ሲጠጥር አውጥቶ በፌስታል ይቋጥረዋል። ወጥ ሊወጣ ሲል አንዷን ጣል ካደረጋት ቤቱ በሚያዝያም ቢሆን ጥቅምት ጥቅምት ይሸታል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ጋሽ ተሰማ፣ በሶብላ ሬሳ ነው እንዴ በረዶ ቤት የሚገባው?» ይሉታል።

«ያንቺ የደረቀውስ? እሱ ገለባ ነው፤ አህያ ጥሪበት» ይላቸዋል።

ከዚያ ሰፈሩ ይፈርሳል ተባለ። አባባ ከመነሳታችን በፊት የጓሮውን ቅጠል አንድም ሳያስቀር ለቅሞ ከተፈው፤ ሦስት ፌስታል ሆነ። የደረሰን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። አፈር የሚባል ነገር የለም፣ ጣሳ ላይ የተከለውም አልያዘለትም። ጓሯችን ፍሪዘር ውስጥ ያለችው ብቻ ሆና ቀረች። በዚያ ላይ አንድ ክፉ ጉንፋን ጥሎት ከተነሳ ወዲህ አፍንጫው ማሽተት ትቶ ነበር። ለበዓል አንዷን ወጥ ውስጥ ሲጨምር፣ «ና እስቲ አሽትትልኝ፣ እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔ ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል፤ እኔ ተረት ስሰማ እንደማደርገው።

አንድ እሁድ መብራት ጠፋ። ትራንስፎርመር ተቃጥሏል አሉ። ሰኞም አልመጣም። ማክሰኞ ጠዋት ከፍሪጁ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። ፌስታሎቹን በፎጣ ጠቅልዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ሥጋ ቤቱ ጄኔሬተር ነበረው።

«ጋሼ፣ እባክህ፣ ጥግ ላይ ብቻ!»

«የራሴ ሥጋ ሊበላሽብኝ ነው፣ አንተ ቅጠል ታሳድራለህ? ሂድ ወዲያ!»

ቁርጥ የሚበሉት ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ያላንኳኳሁት ሱቅ የለም፤ ሁሉም ጨለማ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በአፌ የማሳምን፣ የማልገባበት ቀዳዳ የሌለ አራዳ ነኝ ባይ ነበርኩ። ያን ቀን ግን መብራት እንዲመጣ ማንን መለመን እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ፎጣው ደረቴ ላይ እየረጠበ፣ ያለ አንዳች መላ ተመልሼ ወጣሁ።

አመሻሹ ላይ አባባ ሻማ ለኮሰ፣ ከሰሉንም አያያዘ። የት ነበርክ አላለኝም። «ዝንጀሮ በረዶ አገኘ» ብሎ ጀመረ። «የሚያበራ ድንጋይ መሰለው። ለልጆቹ ሊወስድላቸው ብብቱ ሥር ደበቀው። ገደሉን ወጣ፣ ወረደ፣ ልጆቹ ዘንድ ሲደርስ...» እዚያ ላይ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ከዚያስ?» ብዬ እጨቀጭቀው ነበር።

አንዱን ፌስታል ፈትቶ አፍንጫዬ ሥር አመጣው። ቅጠሉ ጠቁሮ ተዝለግልጓል፤ የከረመ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል።

«እንዴት ነው?»

«እንደ ድሮው ነው።»

«እንደ ጓሯችን?»

«አንተን ይንሳኝ፣ አባባ!»

ራሱን ነቀነቀና ሦስቱንም ፌስታል ከሰሉ ላይ የምትንተከተከው ሽሮ ውስጥ ገለበጠ። ቀረብን። ሆምጣጣ ነበር። እሱ ግን ሳይቸኩል ይጎርሳል። እኔም እያየሁት እጎርሳለሁ። አፍንጫው ቢከዳውም ምላሱ መሆምጠጡን አይስትም ብዬ ያሰብኩት በኋላ ነው፤ ያኔ ያሳሰበኝ ፊቴ እንዳያጋልጠኝ ብቻ ነበር። ትሪው ሊያልቅ ሲል የመጨረሻዋን ጠቅልሎ ወደ አፌ ሰደዳት።

«እንካ» አለኝ፣ «ይቺ የምስክሩ ናት።»

አባባ ካረፈ ቆይቷል። ትምህርቱን ጥዬ ታክሲ ላይ ረዳት ከሆንኩ ወዲህ በቀን ስንት ውሸት ከአፌ እንደሚወጣ ፈጣሪ ይወቀው፤ ከታክሲው ስወርድ አንዱንም አላስታውሰውም። ተረቶቹንም አንድ በአንድ እየረሳኋቸው ነው፤ ጅቡ ከጦጣዋ ጋር ተደባልቆብኛል። ያቺ ጉርሻ ግን፣ ዋጥኳት ብዬ ነበር፣ እስካሁን አልወረደችልኝም።