ሰንበት ሊገባ ሲል የቆመው ውኃ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። እርጥብ ነበር። የእስር ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ቢጫ፣ መስኮቱ ከላይ ትንሽ። ሦስት ቀጫጭን ፍራሾች መሬት ላይ ተነጥፈዋል። የአንደኛው ጫፍ ውኃ ጠጥቶ ጠቁሯል።

የያዙን ዓርብ ጠዋት፣ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል የሚባለው ሰፈር ነው። ፖሊስ ስለደበደበው ልጅ ሃፍጋና፣ ማለት ሰልፍ፣ ወጥተን መንገዱ መሐል ተቀምጠን ነበር። ተነሱ ሲሉን አልተነሣንም። እኔ ከዚያ በፊት ሰልፍ ወጥቼ አላውቅም። ልጆቼ የወጡ ቀን ስልክ ስደውል የምውል ሴት ነኝ። የተደበደበው ልጅ ግን ከልጄ ጋር አብሮ የተማረ ነው፤ እናቱን ብቻዋን መተው አልሆነልኝም።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን። አንደኛዋ አስም ያለባቸው እማማ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ቤተ እስራኤሎች። ሌላዋ ሮቫ አሌፍ የምትኖር፣ ሠላሳ ያልሞላት መሐንዲስ። ሁለቱንም ከሰልፉ በፊት አላውቃቸውም።

መርማሪው ወረቀት ሰጥቶን ነበር። ሁለተኛ ሰልፍ አንወጣም ብለን ከፈረምን ያኔውኑ ወደ ቤት፤ ካልፈረምን ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ሾፌት፣ ዳኛ፣ ፊት። አልፈረምንም። ስለ ወለሉ ስንነግረው፣ "ቧንቧ ሠሪ ከእሑድ በፊት አይመጣም" አለ። "ሰንበት ሳይገባ አንዴ ብቅ እላለሁ። እስከዚያ አስቡበት።"

ውኃው እየጨመረ ሄደ። ግድግዳውና ወለሉ ከሚጋጠሙበት፣ ከአንድ ስንጥቅ ነው የሚወጣው። ቀትር ላይ ፍራሾቹን አንዱን በሌላው ላይ ደራርበን እማማን ከላይ አስቀመጥናቸው። ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ። የሚስቡትን መድኃኒት ሲነቀንቁት ባዶ ሊሆን እንደተቃረበ ሰማሁ። በዚያ ብርድና እርጥበት ካደሩ የሚነሡ አልመሰለኝም።

"እኔ ልፈርም ነው" አልኩ። "እርስዎም ይፈርሙና ቤትዎ ይደሩ።"

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ አትፈርሚ" አሉ እማማ። "ለራስሽ ከሆነም በእኔ አታመካኚ።"

 ለምሳ ከሰጡን የተረፈውን ዳቦ አድቦልቡዬ ስንጥቁ ውስጥ ወተፍኩት። ውኃው ትንሽ አሰበና አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ወጣ። መሐንዲሷ ሳቀች።

"ይቅርታ፣ እትዬ። የእኔ ሥራ እኮ ይኼ ነው።"

"ቧንቧ ሠሪ ነሽ?"

"የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ነው የምሠራው። ጉድጓድ ሲያረጅ ከነዳጁ ይልቅ ውኃ ይበዛበታል። ውኃው ሰፊውን ስንጥቅ ይዞ ይሮጣል፣ ነዳጁ የድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። እኛ የውኃውን መንገድ እንዘጋለን።"

"ጉድጓዱን ከዘጋሽውማ ነዳጁ በየት ሊወጣ ነው?" አሉ እማማ።

"ልክ ነው። ሁሉን ብንዘጋ ሁለቱም ይቀራል። ስለዚህ ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ፍሬ እንልካለን። ነዳጅ ቢነካው አያብጥም። ውኃው የሚሮጥበት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ያብጥና ይይዘዋል።"

"እሱን እዚህ ከየት ታመጪዋለሽ?"

"የሱ ዘመድ ሞዴስ ውስጥ አለ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። እኛ ጎንደር ሳለን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ ለብቻዋ ጎጆ ነው የምትቀመጠው። በወንድ ፊት ነገሩ አይነሣም። የዚያን ቀን ጠባቂያችን ደግሞ ጎረምሳ ወንድ ነበር። ቢሆንም በሩን ደበደብኩ። ለሦስታችንም እንደሚያስፈልገን በዕብራይስጥ ነገርኩት። ወደ እማማ አየ።

"ለእሳቸውም?"

"ለእሳቸውም" አልኩት።

ፊቱ ቀልቶ ሄደ። ሙሉ ፓኬት ይዞ ተመለሰና ሳያየን ወረወረልን። እማማ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ልጅቷ ሞዴሱን ቀዳ ጥጡን ስታራግፈው ስኳር የሚመስል ፍሬ ረገፈ። ሰብስባ በፕላስቲክ ማንኪያ ስንጥቁ ውስጥ ከተተችው። ውኃው ገፍቶ አወጣው። ደገመች፤ አወጣው።

"ውኃው በዚህ ፍጥነት እየመጣ አይይዝም" አለች። "ጉድጓድ ቢሆን እስኪይዝ ድረስ እናቆመው ነበር።"

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ወዲያ ማዶ ከሰልፉ የተያዙት የእኛው ወንዶች ነበሩ። ቧንቧው ይንፏፏል። ያኔ ገባኝ፤ ዓርብ ነው። ሰንበትን ታጥቦ መቀበል የአባቶቻችን ሥርዓት ስለሆነ ሁሉም ተራ ይዘው ገላቸውን ይታጠባሉ። የታጠቡበት በተሰበረ ቱቦ አድርጎ ወደ እኛ ይመጣል። ስናማርረው የዋልነው የገዛ ወንዶቻችንን እጣቢ ነው።

ግድግዳውን በመዳፌ መታሁ።

"አባባ፣ ውኃውን ይዝጉልን!"

"ማነሽ አንቺ?" አሉ አንድ ሽማግሌ። "ሰንበትን ከነእድፌ ልቀበል ነው?"

"ትንሽ ብቻ ይታገሡን። የታጠቡበት እዚህ መጥቶ ነው የሚተኛው።"

አንድ ወጣት በሳቅ ፈነዳ። "አባባ፣ ሴቶቹን አጠቧቸው!"

"ዝም በል አንተ። እኔ ግማሽ ፊቴ ሳሙና ነው።"

"ከነሳሙናዎ ይቀመጡ!" ብለው ጮኹ እማማ። "እኛ ሰንበትን እየዋኘን ልንቀበል ነው እንዴ?"

ቧንቧው ተዘጋ። ውኃው ቀጥኖ እንባ አከለ። ልጅቷ ፍሬውን ጠቅጥቃ አስገባች፣ እኔ መዳፌን ደገንኩበት። ከሥሩ እንደ ተልባ ሲያብጥና ሲዝለገለግ እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር። ከግድግዳው ማዶ አባባ ዓይናቸው እንደተቃጠለ ደጋግመው አስታወቁን። የመስኮቱ ብርሃን እየቀላ መጣ።

"አሁን ይክፈቱ" አለች ልጅቷ። "ግን በቀስታ። በአንዴ ከለቀቁት ይዞት ይመጣል።"

ቧንቧው ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ወረደ። ሦስታችንም ተንበርክከን ስንጥቁን አየን። አንድ ጠብታ አልወጣም። ውኃው በራሱ ቱቦ ቁልቁል ሲንቆረቆር ሰማን። እማማ በዚያች በቀረቻቸው ትንፋሽ እልል አሉ። ወንዶቹ ሰምተው አጨበጨቡ። ወለሉን በብርድ ልብስ አድርቀን ደረቁን ፍራሽ ዘረጋንላቸው። ፉጨቱ እየቀነሰ ሄደ።

መርማሪው ሲገባ ወለሉን አየ፣ እማማን አየ። ወረቀቱን ለእኔ ዘረጋ፤ የምፈራው እኔ እንደሆንኩ ቀድሞ አውቋል።

"ሰንበት ሊገባ ነው" አለ። "በሰንበት መጻፍ ክልክል ነው፤ ከገባ በኋላ መፈረም አትችዪም።"

"አሁን እችላለሁ" አልኩት። "ግን አልፈርምም።"

  ወረቀቱን አጣጥፌ በሁለት እጄ መለስኩለት፤ ለሰው ዕቃ ስሰጥ እንደዚያ ነው ያደግሁት። ቅዳሜ ማታ ሾፌቷ ያለ ምንም ግዴታ ለቀቀችን።

መሐንዲሷ አሁንም ትደውልልኛለች። በቅርቡ፣ ውኃ ብቻ ይተፋል ተብሎ ሊተው የነበረ ጉድጓድ እንደገና ነዳጅ መስጠት መጀመሩን ስትነግረኝ እንደ ሠርግ ወሬ ደስ አለኝ። የተደበደበው ልጅ ክስ ግን አላለቀም። ቀጠሮ ባለ ቁጥር ከእናቱ ጋር እሄዳለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ቢሆንም አውቶቡስ ገብቼ ካርዴን አስነካለሁ። ከዚያ ወንበር ፈልጌ እቀመጣለሁ፤ ለእናቱም ከጎኔ ቦታ እይዝላታለሁ።