ታከለ ያሳየኝ ኩሬ

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሱዳኗ ገላባት በስተሰሜን ባለ የሰሊጥ እርሻ ውስጥ፣ አንድ ትራክተር ሐፊሩን በአፈር ደፈነው። ያስደፈንኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን።

ሐፊር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ነው። የቀን ሠራተኞቹ የሚጠጡት ከእሱ ነበር። ዳር ዳሩን በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ቢጫ መስመር ያላት ትንሽ እንቁራሪት ትኖር ነበር። ለጋዜጣዬ ዘገባ ልሠራ ከገዳሪፍ አብሬያት የሄድኩት ተመራማሪ የእንቁራሪቷን እግር ለካች፣ ድምጿን ቀዳች፣ ከታወቁት ዝርያዎች ጋር አስተያየቻትና «ይቺ እስካሁን ስም የላትም» አለች።

ቦታውን ያሳየን ታከለ ነው፤ ከመተማ ለአረም የመጣ ሠራተኛ።

«ለእንቁራሪት ብለህ ነው ይህን ሁሉ ጭቃ የረገጥኸው? ሚስትህ ታውቃለች?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ኋላ ግን ለብቻ ወሰደኝ።

«ቦታውንም ስሜንም እንዳትጽፍ። የእርሻው ባለቤት ወኪል ለእንቁራሪቷ ሲባል መሬቱ ሊከለል ነው ብሎ ከፈራ ሐፊሩን ይደፍነዋል። እኛ ምን እንጠጣለን? በል፣ ማተብህን ይዘህ ማልልኝ።»

ማተቤን ይዤ ማልኩ። ለእሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ማተብ ያሰረ ሰው ይከዳኛል ብሎ አልጠረጠረም።

ተመራማሪዋ በጽሑፏ «የገላባት አካባቢ» ብላ አለፈችው። እኔ የእርሻውን ስም ጻፍኩ። የታከለንም ስም ጻፍኩ። ለምን? ለአርታኢዬ፣ ቦታና ምንጭ የሌለው ዘገባ ዘገባ አይደለም አልኩት። እውነት ነው፤ ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። ስጽፍ ጆሮዬ ላይ የነበረው ያ ሳቅ ነው። አንድ የአረም ሠራተኛ በሰው ፊት ሳቀብኝ፤ እኔም ስሙን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አንዴ አይበቃም ነበር?

ዘገባው በወጣ በሦስተኛው ቀን ትራክተሩ መጣ። እኔም ሁለተኛ ዘገባ ልሠራ እዚያው ቆሜ ነበር። የወኪሉ ሰዎች ታከለን ልብሱን እንኳ ሳያስይዙ ወደ ድንበር በሚሄድ ሎሪ ላይ ጫኑት። ከላይ ሆኖ አየኝ።

«ማተብህ አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

መልሴን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ኑዛዜዬ ጎዶሎ ይሆናል። ይቅርታ አልጠይቅም፤ አንባቢ በታከለ ፈንታ ይቅር ሊለኝ አይችልም።

ዘንድሮ ክረምት፣ ዝናቡ በጣለ ማግስት፣ ተመልሼ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ቆሜ አዳመጥኩ። የእንቁራሪት ድምፅ አልነበረም። ሐፊሩ በነበረበት ቦታ ሰሊጥ በቅሏል።