ሳይዘጋ የቀረው ቫልቭ

በነዳጅ ማከማቻው ግቢ የጥንቃቄ ቅጽ የሚሞላውን ሰው ባልደረቦቹ «እንደበፊቱ» ብለው ይጠሩታል። ቅጹ በየቀኑ ሃያ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ቧንቧው ያንጠባጥባል ወይ? ግንቡ ተሰንጥቋል ወይ? የማፍሰሻው ቫልቭ ተዘግቷል ወይ? መጀመሪያ መጀመሪያማ ሁሉንም ዞሮ እያየ ነበር የሚጽፈው። ሥራውን ሲለምደው ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሃያ ሁለት ጊዜ «እንደበፊቱ» ብሎ ይፈርም ጀመር። ተቆጣጣሪዎችም ይመጡና የጽሕፈቱን ማማር አድንቀው ይሄዳሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ማስታወቂያ ከራሱ በላይ ተለጥፏል፤ ለእሱ ጌጥ ነው የመሰለው።

ማጠራቀሚያዎቹን የከበበው ግንብ የተሠራው ነዳጅ ቢፈስ እንዲይዝ ነው። ሲዘንብ ግን ውሃም ይይዛል። ያን ጊዜ ቫልቩ ይከፈታል፣ ውሃው ይወጣል፣ ቫልቩ ይዘጋል። ሰኞ ዕለት ከፈተው። ውሃው ወጥቶ እስኪያልቅ ቆሞ ሲጠብቅ የምሳ ደወል ተደወለ፤ ሆዱ ቀደመ። ማክሰኞ «እንደበፊቱ» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም እኮ፤ እንደበፊቱ ክፍት ነበር! ሐሙስ ናፍጣ ከቦቴ ወደ ማጠራቀሚያው ሲገለበጥ የጎማ ቱቦው ተፈታና ናፍጣው ግንቡ ውስጥ ተዘረገፈ፤ በዚያው ቫልቭ ሾልኮ ወንዙ ገባ። ኃላፊው «ጎርፍ ነው ቫልቩን የሰበረው» ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ እሱ አንገቱን ደፍቶ እውነቱን ደበቀ።

ከወንዙ ዳር አትክልት የምታለማው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች፤ እሱ ለሰበረው ብርጭቆ «እኔ ነኝ» እያለች ስንቱን ኩርኩም ቀምሳለታለች። ዓርብ ከሰዓት አንድ ካሮት ይዛ ቤቱ መጣች።

«እስቲ አሽትተው!» አለችው። «መነጽሬ ተሰብሯል፤ አንተ ጽሕፈት ታውቅበታለህ። ማመልከቻ ጻፍልኝ። ጎርፍ ነው ቫልቩን የሰበረው አሉኝ፤ ውሃ የማያነሳ ሰበብ! ከፍቶ የተወው ሰው አለ። እሱ ይጠየቅልኝ።»

«እትዬ፣ ሰውየው ከሥራ ይባረራል እኮ።»

«ይባረራ! እኔስ ከማሳዬ ተባርሬ የለ?»

እስክሪብቶውን አነሳ። «ያልታወቀ ሠራተኛ» ብሎ ቢያልፈው ማንም አይጠረጥርም። ግን ካሮቱ እፊቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ራሱን ጠላ። ጻፈ።

«አንብብልኝ» አለችው ሲጨርስ።

«...ቫልቩን ከፍቶ ሳይዘጋ የሄደው፣ በማግስቱም ሳያይ የፈረመው ታናሽ ወንድሜ ነው።»

እንደ ልጅነቱ «ተወው፣ ሰርዘው» እንድትለው በልቡ ጠበቀ፤ መጠበቁ ራሱ አሳፈረው።

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለች።